የአስራ ዘጠኝ ቁጥር ድምፅ

ለውድ አባዬ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ቀኝ እጅህ እንዴት ሆነ? ፋሻውን ፈቱልህ ወይስ አሁንም እንደታሰረ ነው? ማሳከክ ከጀመረ እየዳነ ነው ይላሉ፤ አንተ ግን እንዳታከው፣ አውቅሃለሁ። እንቅልፍስ እንዴት ነው? ምግብስ ይበላልሃል? ያረፍክባትን አክስቴን በስልክ ስጠይቃት ደህና ነው፣ ደህና ነው እያለች ታልፈኛለች፤ እሷ ደግሞ ደህና የሚለውን ቃል ለታመመም ለከሰረም እኩል ነው የምታድለው። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ ተመስገን። ቤቱም አለ። ሁሌ የሚጮኸውን የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁትና ዝም አለ፤ አሁን ደግሞ ስገባ ዝምታው ያስደነግጠኛል፣ ባልቀባሁት ኖሮ እላለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ለፍላፊዋ ልጄ ትለኝ የለ? ለፍላፊ ሰው ዋናውን ነገር መናገር ሲያቅተው ምን እንደሚመስል አይተህ አታውቅም መቼም፤ ይኸው እይልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ይህን ደብዳቤ አክስቴ ፊት አታንብበው። ወደ ጓሮ ውጣና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደህና ማለቱ ሰለቻት መሰለኝ እውነቱን ነገረችኝ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠህ ትቆጥራለህ አለችኝ፤ በመንገድ የሚያልፈውን ተማሪ፣ የአጥሩን ቆርቆሮ፣ ሽቦው ላይ የተደረደሩትን ወፎች። አስራ ስምንት ላይ ስትደርስ ትቆምና እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ አለች። ይህን ስትለኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። እሷ መች በዚህ ታበቃለች፤ በልጆቿ ደብተር ላይ በግራ እጅህ ፊርማ እየተለማመድክ እንደሆነም ጨመረችልኝ። ሰኞ መርማሪው ፊት ቀርበህ ቃልህን ልትፈርም ነው። አስራ ዘጠኝ ቁጥር ሳትጠራ አለፍኳት፣ ጆሮዬ ደክሟል፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልትል። ጠበቃው ይህን ከፈረምክ እስር አይቀርልህም ቢልህ፣ ይሁን ብለሃል አሉ።

አባዬ፣ አትፈርም። ያልሆነውን አትፈርም። አስራ ዘጠኝ ተጠርቷል።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግን ከፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው ያየውን ነው የምታውቀው፤ ከኋላ ተሰልፈን የምንስቀው ሰዎች ዘንድ ምን ይመስል እንደነበር አታውቅም።

ከእሳት አደጋ ሥራህ ጡረታ ወጥተህ የኛን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ልታሰለጥን የመጣህ ቀን ምን ይዋጠኝ ብዬ ነበር። አባቷ መጣ፣ አባቷ መጣ ይባባላሉ። አንተ ደግሞ ያንን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰህ፣ ፊሽካ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ፣ ግቢው መሃል በርሜል ውስጥ እሳት ለኩሰህ ቆመሃል። ኮማንደር የምንላትን ያቺን ግዙፍ የስፌት መስመራችንን ሴትዮ ጠርተህ ማጥፊያውን አስያዝካት። ቀለበቱን ነቅላ ነበልባሉን ከላይ ስትረጨው ነፋሱ መለሰውና ሱፐርቫይዘራችን ከጫማው እስከ ክራቫቱ ዱቄት መሰለ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። አንተ ግን ፈገግ እንኳ ሳትል፣ እሳት የሚመታው ከራሱ አይደለም፣ ከእግሩ ነው፤ ዝቅ በይና እግሩን ጥረጊው አልካት። በድጋሚ ሞከረችና አጠፋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮማንደር ከማንም ጋር ስትጣላ እግር እግሩን ነው የምለው እያለች ትፎክር ነበር። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ማፈሬ ቀረ። እንደኮራሁብህ ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን ልንገርህ፣ ኮርቼብሃለሁ።

ዐይናችንን በጨርቅ አስረህ ከየማሽናችን እስከ በሩ ግድግዳ እየዳበስን አስወጣኸን። የተዘጋ በር ከመክፈታችን በፊት በእጃችን ጀርባ እንድንነካው አስተማርከን። ጭስ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም፣ ጭራሽ እንቅልፉን ያከብድበታል ያልከውን እኔ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። በኔ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩም አስምሬበት። ይኸው አሁንም አለ።

ከዚያ ቆጠራው መጣ። ሰው በዐይን አይቆጠርም አልክ። የቆመ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ አንዱ ይዘለላል። ስለዚህ ለአርባ ስድስታችንም ቁጥር ሰጠኸንና፣ ውኃ ታንከሩ ስር ስንሰበሰብ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር በራሱ አፍ ይጠራል ተባለ። አንተ ጀርባህን ሰጥተኸን፣ ዐይንህን ጨፍነህ ታዳምጣለህ። እኔ አስራ ስምንት ደረሰኝ። አጠገቤ የምትሰፋው ሚጢጢ አስራ ዘጠኝ። ኮማንደር ሃያ።

ሚጢጢን ታውቃታለህ፤ ቁመቷ ከማሽኑ እምብዛም የማይበልጥ፣ ስትስቅ አፏን በሁለት እጇ የምትሸፍነዋ። ባሏ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ የቀረባት። ልጇ ጥርስ ስታወጣ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ታድርና የሚጢጢ እናት በማለዳ ትምህርት ቤት ለማጽዳት ይወጣሉ፤ ሚጢጢ ደግሞ ዐይኗ እንደቀላ ወደ ሥራ ትመጣለች። ማሽኑ ላይ እያለች ስታንጎላጅ መርፌ ጣቷን ወግቷት ያውቃል። ሱፐርቫይዘሩ ከወንበሯ ዐሥር ደቂቃ እንድትነሳ አይፈቅድላትም። አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ጋደም ብል እንደ አዲስ በተወለድኩ አለችኝ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ አባዬ። እሷ አይደለችም። አፌን በቆረጠው። ልምምድ ባለበት ቀን ደወል ሲደወል ሁላችን ወደ ቀኝ ስንወጣ አንቺ ወደ ግራ ታጠፊና መጋዘኑ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ተኚ፤ ቆጠራውም ትምህርቱም ተደምሮ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ቁጥርሽን እኔ እጠራልሻለሁ አልኳት። አስራ ስምንትን በራሴ ድምፅ፣ ከዚያ አንገቴን ወደ ትከሻዬ ሰበር አድርጌ አስራ ዘጠኝን አቅጥኜ። ኮማንደር በክርኗ ትጎሽመኛለች። የመስመራችን ሰው በሙሉ ሳቁን አፍኖ ይንፈቀፈቃል። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ፣ አርባ ስድስት፣ ሙሉ ነው ትላለህ።

የልምምዱን ቀን ለሥራ አስኪያጁ እንኳ አትነግረውም ነበር፤ እሳት ቀጠሮ አይዝም ትላለህ። ግን ከዋዜማው ሰደርያህን ትተኩሳለህ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገህበት፣ እንዳይቀልጥ እየተጠነቀቅክ። የአደጋ ሰደርያ የሚተኩስ ሰው ከአንተ ሌላ አላየሁም፣ ጉድ እኮ ነህ። እኔም ጠዋት ማሽኔ ላይ ስቀመጥ ለሚጢጢ ዐይኔን እጠቅስላታለሁ፤ በቃ፣ ዛሬ ትተኛለች። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግን። አራት ጊዜ ተኝታ፣ ፊቷ ላይ የጨርቁ ሸንተረር ታትሞበት፣ እየሳቀች ተመለሰች። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ፣ አርባ ስድስት ሰው ብለህ በትልቁ ጻፍክ። ሥራ አስኪያጁም እጅህን ጨበጠህ።

ያን ረቡዕም ከዋዜማው ሰደርያህን ተኩሰህ ነበር። ለካ ዕቃ ገዢዎቹ ሊጎበኙ ስለሚመጡ ነው፤ ጥሩ ሆነህ ልትታይላቸው። እኔ ምን አውቄ? ጠዋት ጠቀስኳት።

ደወሉ ሲደወል ጭስ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጣሪያው ውስጥ የሚቃጠል ነገር ሸቶት እንደደወለው በኋላ ነው የሰማሁት። ወንበሮቻችንን ገፋ ገፋ አድርገን ተነሳን። ሚጢጢ ወደኔ ዞር ብላ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኛ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ። ያየኋት መጨረሻ ጀርባዋን ነው፤ መቀሷ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ።

ታንከሩ ስር ደርሰን ስንሰለፍ አንተ እየሮጥክ መጣህ። ልምምድ ላይ ሮጠህ አታውቅም፤ መሮጥ ክልክል ነው እያልክ የምትቆጣ አንተ ነህ። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ግን ቁጥሩ ተጀምሯል፣ አስራ ስድስት፣ አስራ ሰባት፤ ተራዬ ደረሰ። አስራ ስምንት አልኩ። አስራ ዘጠኝም አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ኮማንደር ሃያ ስትል ድምጿ ውስጥ ገና ሳቅ ነበረበት።

አርባ ስድስት፣ ሙሉ ነው ብለህ ስትዞር ነው ጭሱ በመጋዘኑ መስኮት የወጣው። ጥቁር ጭስ። ረጅሙ መካኒክ ማጥፊያ ይዞ ልግባ አለህ። አንተ በሩ ላይ ሁለት ክንድህን ዘርግተህ፣ ሰዎቼ ሙሉ ናቸው፣ ለጨርቅ ብሎ የሚሞት ሰው የለም አልከው። ከአንተ እስከኔ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ስምንት እርምጃ አባዬ! መናገር ነበረብኝ። በኋለኛው በር ወጥታ ይሆናል አልኩ፣ ሚጢጢ እኮ ቀልጣፋ ናት አልኩ። ይህ ሰበብ ነው። እውነቱ አፍሬ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የአባቴን ቆጠራ ውሸት ማድረግ አፍሬ። አራት ደቂቃ ይላል የመርማሪው ወረቀት፣ ከቆጠራው እስከ ጩኸቱ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እነዚያን አራት ደቂቃዎች ከኔ ጋር ቢቆም ኖሮ ምን ይል ነበር?

ከዚያ ጮህኩ። ሚጢጢ የለችም ብዬ ጮህኩ፤ ገና አሁን እንዳየሁ ሰው። ሌላውን ሁሉ ብትተውልኝ ይህቺን አትተውልኝ። ጩኸቴም ውሸት ነበረበት።

አንተ አንድ ጊዜ ብቻ አየኸኝ። ለመካኒኩ የከለከልከውን በር በቀኝ እጅህ ከፍተህ ገባህ። በእጅህ ጀርባ አልነካኸውም፤ በመዳፍህ ነው ብረቱን የጨበጥከው፣ እኛን ያስተማርከውን ረስተህ። ተሸክመሃት ስትወጣ እግሯ ላይ አንድም ቃጠሎ አልነበረም። ፊቷ ላይ የጨርቁ ሸንተረር ታትሟል። የተኛች ነው የምትመስለው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ መስመራችን ውስጥ ሳቅ የለም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም አለ። በሻይ ሰዓት ዳቧችንን ግድግዳ ግድግዳውን እያየን እንበላለን። ኮማንደር እንኳ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት፣ አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት አግኝታኝ እጄን ያዘችና ለረጅም ጊዜ ሳትለቀኝ ቆየች፤ ከዚያ ሄደች። አዲሱ አሰልጣኝ መጥቷል። ወጣት ነው፣ ስም በወረቀት ይጠራል። እኔ ስሜ ሲጠራ ድምፄ አይወጣም፤ እጄን ነው የማወጣው።

ትናንት ከሥራ ስወጣ የሚጢጢ እናት ቤት ሄድኩ። ከአንተ በፊት ለእሳቸው መናገር ነበረብኝ፤ በዚህ እንዳትቀየመኝ። የሕፃኗን ልብስ እያጠቡ አገኘኋቸው። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥቅሻዬንም፣ ድምፄንም፣ አራቱን ደቂቃም። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺኑ አንዲት ትንሽ ሹራብ ደጋግመው ይጨምቃሉ፣ ውኃው አልቆ እንኳ ይጨምቃሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ተኝታ ነበር ወይ? አሉኝ። አዎ፣ አባቴ እንዳስተማረን ጭስ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም፣ አልሰማችውም አልኳቸው። ልጄ ከወለደች ጀምሮ እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም ነበር አሉ። ሕፃኗን እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ ጓሮ ሄዱ። በጣም ቆዩ። ስድስት ጥርስ አውጥታለች አባዬ፤ ጣቴን ነክሳ አልለቅ አለችኝ። ሲመለሱ ሳያዩኝ ልጅቷን ተቀበሉኝና እስኪ አሁን ሂጂ አሉኝ። ድጋሚ ነይ አላሉኝም፤ አትምጪም አላሉኝም። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ካላስገቡኝ ደጁ ላይ ቆሜ እመለሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ ነገ በጠዋት ለአውቶቡስ ሹፌሩ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በቀጥታ መርማሪው ጋ ነኝ። አንተ ይህን ስታነብ እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ ልታስቆመኝ አትችልም። ሳልናገር ቀርቼ አንተ በግራ እጅህ ፈርመህ ብትታሰር፣ እኔን አፈር ይብላኝ፣ በምን ዐይኔ አይሃለሁ? የሚመጣው ይምጣ። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ በሩ የጋለ መሆኑን አውቄ ነው የምጨብጠው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልተወው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ከሦስተኛው ልምምድ በኋላ ቤት ስትገባ ከሰደርያህ ኪስ ሁለት የጉሮሮ ከረሜላ አውጥተህ ነበር። አንዱን ለኔ ሰጠኸኝ። ሌላውን ለአስራ ዘጠኝ ቁጥር ስጪልኝ፣ በልምምድ ቀን ድምጿ ይቀጥናል አልከኝ። ከዚያ እጅህን እየታጠብክ፣ የልጇ ጥርስ ወጣላት ወይ? ብለህ ጠየቅከኝ። ገና ነው አልኩህ። እስኪወጣላት ነው እንግዲህ አልክና ወሬ ቀየርክ። በማግስቱ ከሚጢጢ ጋር እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ ሽማግሌው ምንም አልገባውም ብለን። ከረሜላውን ሳትበላው ልጄ ስታድግ እሰጣታለሁ ብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ዕቃዋን ለእናቷ እንዳደርስ ሲሰጡኝ አገኘሁት። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ፊቴ ተቀምጧል፣ ወረቀቱ እንኳ አልተፈታም።

ከጓሮ ሆነህ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ የምትሰማ ሰው ነህ። እኔ ስገባ በእግር ኮቴዬ ብቻ እንደከፋኝ የምታውቅ ሰው ነህ። ጆሮዬ ደክሟል አልክ አሉ።

አልጠይቅህም አባዬ። አንተም አትመልስልኝ፤ በደብዳቤም በስልክም። ለመርማሪው የራሴን ድምፅ እነግረዋለሁ እንጂ ስለ ከረሜላው አልነግረውም። እሱ የኔና የአንተ ነው፤ እኔ ዘንድ ይቀመጣል።

በል እንግዲህ። ግራ እጅህን አሳርፋት፣ ቀኝህንም ፈጣሪ ይማርልህ። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ፤ እኔንም ከሩቅም ቢሆን መርቀኝ፣ ነገ ምርቃትህ ያስፈልገኛል። ጠዋት በረንዳው ላይ ወፎቹን ስትቆጥር አስራ ስምንት ላይ አትቁም። አስራ ስምንት ወጥታለች፣ በሕይወት አለች፣ ቁጥሯንም በራሷ አፍ ትጠራለች። እለፋትና አስራ ዘጠኝን ጥራት። ጥራትና ጠብቅ። እኔም እዚህ ሆኜ አብሬህ እጠብቃለሁ፤ በእሷ ፈንታ ግን ከእንግዲህ አልመልስም።

ልጅህ፣
አስራ ስምንት ቁጥር ብቻ